ሁለተኛው እሳት

ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ፣ ሞጣ ለመድረስ ጥቂት ሲቀር፣ በስተቀኝ አናቱ ላይ አንዲት ሾላ የበቀለችበት ጉብታ አለ። ዛሬ በአውቶቡስ የሚያልፍ ሰው ቀና ብሎ አያየውም። እኔ በዚያ መንገድ ስሄድ ሁልጊዜ በግራ በኩል ያለውን ወንበር እለምናለሁ፤ እንዳላየው ነው። በካርታ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አልነበረውም፤ እኛ «ባለሾላው» እንለው ነበር። በደርግ የመጨረሻ ዓመታት በአንዱ ጥቅምት ሻምበላችን፣ መቶ የማይሞላ ጦር፣ ሁለት ሳምንት ያዘው።

የልጅ ልጆቼ ስለ ጦርነት ሲጠይቁኝ ተኩስ እንዳወራላቸው ይፈልጋሉ። ተኩሱን ከእኔ የተሻለ የሚያወሩት ሞልተዋል። እኔ የሻምበሉ ወጥ ቤት ነበርኩ። ጓዶቼ «ባለ ጭልፋው ጀግና» ይሉኝ ነበር፤ ሲርባቸው ደግሞ «ጌታዬ» ይሉኛል። ስለዚህ የማወራችሁ ስለ አንድ ወጥ ነው። ነገሩን መንገር የነበረብኝ ለአንዲት እናት ነበር። ሳልነግራቸው ዐረፉ። እንግዲህ እናንተ ስሙት።

ስሜ አንለይ ነው፤ የቢቸና አካባቢ ገበሬ ልጅ ነኝ። በብሔራዊ ውትድርና ተመልምዬ ማሠልጠኛ ስገባ «ሙያ ያለው?» ብለው ጠየቁ። አጎቴ በየድግሱ ከብት የሚጥልና ብልት የሚያወጣ ሰው ስለነበር ከልጅነቴ ጀምሮ ቢላዋ አቀብለው ነበር። እጄን አወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠመንጃዬን ከተሸከምኩት ይልቅ በርሜል የተሸከምኩት ይበልጣል።

ባለሾላው ላይ ስንወጣ ዘጠና ስድስት ሰዎች ነበርን። ትእዛዙ አጭር ነበር፤ ተተኪ ኃይል እስኪመጣ መንገዱን ጠብቁ። ከፊታችን ሸለቆ አለ፤ ከሸለቆው ማዶ ያለውን ሸንተረር ጠላት ይዞታል። ሞርታር እንዳላቸው በሁለተኛው ቀን አወቅን። ውኃ ሊቀዱ የወረዱ ሁለት ልጆች ቆሰሉብን። ከዚያ በኋላ አዛዣችን መቶ አለቃው ጠዋት ጠዋት አንድ ነገር ሳይናገሩ ቀርተው አያውቁም።

«ከአንዷ ጉድጓድ ውጭ እሳት አይነድም። ጭስ ያየ ሰው ያስቆም።»

ያቺን ጉድጓድ የቆፈርኳት እኔ ነኝ። ከሾላዋ በታች፣ ከጉብታው ጀርባ ናት። እሳቱ ከታች ይነድዳል፤ ጭሱ በረጅም ቦይ ይሄዳል። ቦዩን በእንጨትና በቅጠል ከድነን አፈር አልብሰነዋል። ጭሱ በዚያ ውስጥ ሲጓዝ ይበርድና እየተበተነ ሾላዋ ሥር ይጠፋል። ከማዶ አይታይም። ችግሯ አንድ ነው፤ ከአንድ ግማሽ በርሜል በላይ አትይዝም።

በርሜሉ ግን አሥራ ሦስት ቀን ሙሉ ውኃ ብቻ አፈላ። የስንቅ መኪና አልመጣም። ኮቾሮ ነበር የምንበላው። ኮቾሮ ማለት ያ እንደ ድንጋይ የደረቀ የወታደር ብስኩት ነው፤ ሻይ ውስጥ ካልተዘፈዘፈ ጥርስ ይሰብራል። የጥቅምት ብርድ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ሌሊት ምሽግ ውስጥ የቆመ ሰው ጠዋት ጣቱን ለመዘርጋት ይቸገራል። ልጆቹ ከስተው፣ ጉንጫቸው ሰርጉዶ፣ እርስ በርስ መነጋገር ትተው ነበር። አንዳቸውን «እንዴት አደርክ?» ስለው ዝም ብሎ ያየኝ ጀመር። ያን ጊዜ ተስፋ ሲያልቅ ድምፅ እንደሌለው ተረዳሁ።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን መቶ አለቃው ጠሩኝ። የአካባቢው ገበሬ ማኅበር አንድ በሬ እንዲሰጠን ታዝዟል፤ ከሞጣ ገበያም ድንች፣ ካሮትና ጥቅል ጎመን በአህያ ይመጣል። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ጠላት እንደሚያጠቃ ወሬ ደርሷቸዋል።

«በጥቅምት አንድ አጥንት ነውና፣» አሉኝ፣ «ልጆቹ ሳይሞቁ እንዳይዋጉ። ነገ ጠዋት ይብሉ።»

በሬው ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ መጣ። የሚነዱት ባለቤቱ አያ ሙጬ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ቀይ፣ ያረጀ የእርሻ በሬ ነው፤ ትከሻው ላይ ቀንበር ፀጉሩን ጨርሶታል። ሽማግሌው አልተከራከሩም፣ አልለመኑም። ግንባሩን ዳሰሱትና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ሥጋውን ብሉት። ቆዳውን ብቻ ተዉልኝ። ለቀንበር ማሰሪያ ምራን አወጣበታለሁ።»

«ነገ ይምጡና ይውሰዱ አባቴ፣» አልኳቸው። በሬ ለሌለው እርሻ ምራን ምን እንደሚያደርግላቸው አልጠየቅኩም። እሳቸውም ያን ያሰቡ አይመስለኝም።

በሬውን ጥለን ሥጋውን ስናወራርድ ከጎኔ ቆሞ የሚያይ አንድ ሰው ነበር። አስር አለቃ ይርዳው ይባላል። እሱም የቢቸና ልጅ ነው፤ ከመመልመሉ በፊት ዲያቆን ነበር፤ ቅኔ ቤት ሳለ ነው ያፈሱት። በሻምበሉ ውስጥ ከእሱ የሚቀርበኝ ሰው አልነበረም። የእናቴን መንደር ያውቃል፣ የእናቱን መንደር አውቃለሁ፤ ሲመሽ ስለ ሁለቱም እናወራለን።

«ለአንተ ከጎድኑ አስቀርልሃለሁ፣» አልኩት።

«ጽጌ ነው እኮ አንለይ።»

ረስቼው ነበር። የጽጌ ጾም ነው። በሻምበሉ ውስጥ ይርዳውን ጨምሮ ሰባት ሰዎች ይጾሙት ነበር። አሥራ ሦስት ቀን ኮቾሮ ስንበላ ሁላችንም ጾመኛ ስለነበርን ማን እንደሚጾም የሚለይበት ነገር አልነበረም።

ተናደድኩበት። «የፈቃድ ጾም ነው! ማን ያስገድድሃል? ነገ ለምትሞትበት ቀን ቄሱም ይፈቱልሃል።»

ሳቅ አለ። «የፈቃድ ስለሆነ ነው የማልተወው። እዚህ ጉብታ ላይ ሳልታዘዝ የማደርገው እሱን ብቻ ነው። አንተ አብላቸው፤ ለእኛ ኮቾሯችን ይበቃናል።»

ልብ በሉ፤ አልለመነኝም። ከሰባቱ አንድም ሰው አልለመነኝም።

በማግስቱ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጉድጓዷ ውስጥ እሳት ለኮስኩ። የእርሻ በሬ ሥጋ ትዕግሥት ይፈልጋል። መጀመሪያ አጥንቱንና ጠንካራውን ሥጋ በውኃ ብቻ ጣድኩ። አረፋውን ገፈፍኩ። ማታውኑ በሌላ ዕቃ ያቁላላሁትን ሽንኩርት፣ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ጨምሬ ገለበጥኩበት። ሥጋው ሹካ ሲቀበል ካሮቱን፣ ቀጥሎ ድንቹን፣ መጨረሻ ላይ ጎመኑን እጨምራለሁ። ድንቹ ግማሹ እንዲፈርስ ነው የምተወው፤ መረቁን የሚያወፍረው እሱ ነው። ሽታው ምሽግ ለምሽግ ሲሄድ ሰዎች መነጋገር ሲጀምሩ ሰማሁ። አንዱ ዘፈን ቢጤ አንጎራጎረ። ከአሥራ ሦስት ቀን በኋላ ነው። በሕይወቴ ኮርቼ የማውቀው ያን ጠዋት ነው፤ እውነቱን ልናገር።

ጥፋቱም ከዚያ ኩራት መጣ። ወደ ዘጠና የሚጠጋ ሰው ትኩስ ወጥ ሲበላ ሰባቱ ኮቾሮ ሊቆረጥሙ ነው። ወጥ ቤት ነኝ፤ የእኔ ማድ ላይ እንዲህ አይሆንም አልኩ። ከሥጋው በርሜል ድንች ለቅሜ ልሰጣቸው አልችልም። እኛ አገር የጾመኛ ድስት የሥጋ ማማሰያ አይነካውም፤ በሀብታምም በድሃም ቤት ያው ነው። ጉድጓዷ ደግሞ ሁለት ዕቃ አትይዝም፤ ሥጋው ተበልቶ እስኪያልቅ ብጠብቅ ጥቃቱ ይቀድመኛል ብዬ ሰጋሁ።

ጉም ነበር። በዚያ ወር ጠዋት ጠዋት ሸለቆው በጉም ይሞላል፤ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ማዶው አይታይም። አሥራ ሦስት ቀን አይቼዋለሁ። አንድ ሰዓት ላይ ከጉድጓዷ አሥር እርምጃ ራቅ ብዬ ሦስት ጉልቻ ጎለትኩ። ትንሿን ድስት ጣድኩ። ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ካሮት፣ ጎመን። እሳቱን ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አጠፋለሁ፤ ድስቷን በአፈርና በቅጠል ሸፍኜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሙቀቷን አቆያለሁ፤ እነ ይርዳው ሲፈቱ ይበላሉ። ሐሳቤ ይህ ነበር። እኔም በዚያ ጉብታ ላይ ሳልታዘዝ ያደረግኩት ይህን ብቻ ነው።

ሁለት ሰዓት ላይ ሥጋው ደረሰ። ጓድ በጓድ ሳህን ይዘው ወረዱ። በርሜሉን ስከፍት እንፋሎቱ ፊቴ ላይ ወጣ። ጭልፋዬን አነሳሁ። ለእያንዳንዱ ሁለት ቁራጭ ሥጋ፣ አንድ አጥንት፣ መረቅ። «አንለይ፣ መረቅ ጨምር!» «እኔ አጥንቱን!» «እናትህ ትባረክ!» ቀና ሳልል አወጣለሁ። ፊቴ በእንፋሎት ተሸፍኗል፤ ዐይኔ ያለው በርሜሉ ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ጉሙ ተነስቷል።

እኔ አላየሁም። የተሰለፉትም አላዩም፤ ሁሉም የሚያዩት ጭልፋውን ነበር። ያየው ይርዳው ነው። ከላይ ከምሽጉ ሆኖ ሸለቆው ሲገለጥ አየ፤ ዞር ሲል ከድስቷ ሥር ነጭ ጭስ ቀጥ ብሎ ሰማይ ላይ ቆሟል። ነፋስ አልነበረም።

«እሳቱን! አንለይ፣ እሳቱን!»

ድምፁን ሰምቼ ቀና አልኩ። ቁልቁል እየሮጠ ነው። መሣሪያውን ጥሏል።

ሁለት ሰዓት ከሃያ። የመጀመሪያው ቅምቡላ ከሾላዋ ጀርባ ወደቀ። ተበተንን። ሁለተኛው ከፊት ወደቀ። ይርዳው ጉልቻው ጋ ደርሶ በሁለት እጁ አፈር እየዛቀ እሳቱ ላይ ይጨምራል። ሦስተኛው ሰልፉ ላይ ወደቀ። አራተኛው እንደዚሁ። እኔ ጉድጓዷ ውስጥ ወድቄ ነበር፤ ትኩስ አመድ ላይ። ቃጠሎው አልተሰማኝም። ከዚያ በኋላ ያሉትን አልቆጠርኩም።

ጸጥ ሲል ወጣሁ። ይርዳው በግንባሩ ተደፍቷል። እጆቹ አፈር እንደያዙ ናቸው። እሳቱ ጠፍቷል። ትንሿ ድስት ክዳኗ እንኳ አልተነሳም።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ እግረኛቸው መጣ። በቀኝ ክንፍ ጀመሩ። መከትን። አምስት ሰዓት ላይ ተመለሱ። ሰባት ሰዓት ላይ እንደገና መጡ። ያን ቀን ጠመንጃዬን ይዤ ምሽግ ገባሁ፤ የገባሁት በይርዳው ቦታ ነው። ጥይት ሲያልቅብን ከሞቱት እየወሰድን ተኮስን። ስምንት ሰዓት ላይ ተኩሱ ቆመ። ጉብታው በእጃችን ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ግድም የሬዲዮ መልእክት መጣ፤ ተተኪ ኃይል አይመጣም፣ ልቀቁና ወደ ሞጣ ሂዱ።

አሥራ አራት ቀን የያዝነውን ልንለቅ ነው።

በርሜሉ ተበስቶ ወጡ ፈስሷል። አንድ ልጅ ተንበርክኮ ከመሬት ሥጋ ሲለቅም አየሁ። አፈሩን በእጅጌው እየጠረገ ይበላል። ሌላው መጣ። ሌላም መጣ። የወደቁት ጓዶቻችን ገና ከዚያ ቦታ አልተነሱም። ተዉ አላልኳቸውም። ርቧቸዋል።

የቀሩት ስድስቱ ጾመኞች ድስቷን ከብበው ቆሙ። አንዳቸውም አልቆሰሉም። ለሥጋ ስላልተሰለፉ ሁሉም በምሽጋቸው ነበሩ። በዕድሜ የሚበልጠው ክዳኗን አነሳ።

«አይደፋም፣» አለ። «ይርዳው የሞተበት ነው።»

ቆመው በሉ። እያለቀሱ በሉ። ለእኔም አንድ ጉርሻ ዘረጋልኝ፤ አልቻልኩም።

ሬሳ የምንሸከምበት ቃሬዛ አልበቃንም። ይርዳውን የምናነሳበት ስናጣ የበሬውን ቆዳ አመጣን፤ ከሾላዋ ጎን በችካል ተወጥሮ ነበር። እሱን ቆዳው ላይ አስተኝተን አራት ማዕዘኑን ስንይዝ አያ ሙጬ በዳገቱ ብቅ አሉ። ቃላቸውን ይዘው ቆዳቸውን ሊወስዱ መምጣታቸው ነው። የያዝነውን አዩ። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

«ተዉት፣» አሉ። «እሱን ይዞ ይሂድ።»

ከጉብታው ሥር ያለችው ቤተ ክርስቲያን ድረስ አብረውን ወረዱ፤ አንዱን ማዕዘን ከእጄ ተቀብለው እሳቸው ያዙ። የወደቁትን ሁሉ እዚያ ቀበርን።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መቶ አለቃው ሪፖርት ሲጽፉ ሄጄ ተጠንቅቄ ቆምኩ።

«ጌታዬ፣ ሁለተኛ እሳት አንድጄ ነበር።»

ብዕራቸውን አላስቀመጡም። «አይቼዋለሁ። ጉሙ ሳይነሳ ይደርሳል ብዬ እኔም ዝም አልኩ። ሂድ፣ ዕቃህን ሰብስብ።»

ይህ ብቻ ነው የተባልኩት። በሪፖርቱ ላይ «በጠላት ሞርታር» ተብሎ ተጻፈ። መቶ አለቃው ከጥቂት ወራት በኋላ በሌላ ግንባር ወደቁ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን የምሸከመው ብቻዬን ነኝ። በጥፊ እንኳ ቢመቱኝ ኖሮ እላለሁ አንዳንድ ጊዜ።

ደርግ ወደቀ፤ ጦሩ ተበተነ፤ በእግሬ ቢቸና ገባሁ። ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቀኖና ይሰጡኛል፣ ስግደት ያዝዙኛል ብዬ ነበር። «ሄደህ ለእናቱ ንገር፤ ሌላ ቀኖና የለኝም» አሉኝ።

ሄድኩ። እናቱ እማሆይ ጥሩነሽ የልጃቸውን ሞት ካረዷቸው በኋላ መንኩሰዋል። ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ያለች ትንሽ ጎጆ ውስጥ አገኘኋቸው። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው በርጩማውን ለእኔ ለቀው መሬት ተቀመጡ። ብለምናቸው እንቢ አሉ። መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ልጀምር ስል ቀደሙኝ።

«ጽጌውን ገድፎ ነው የሞተ?»

«አልገደፈም እማሆይ።»

ፊታቸውን አማተቡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ርቦት ነው የሞተ?» አሉኝ።

ልጆቼ፣ የዚያን ጊዜ ነው መናገር የነበረብኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይደርስ ሞተ፤ አልበላም፤ የሞተው ራሱ ባልለመነው ድስት ነው፤ እሳቱን ያነደድኩት እኔ ነኝ። ከዚህ የረዘመ አልነበረም። ዐይናቸውን አየሁ።

«በልቶ ነው፣» አልኩ። «ለብቻው የጾም ድስት ጥጄለት ነበር።»

«ለብቻው?»

«ለብቻው።»

ተነሱ። ሁለቱን እጆቼን ያዙና መዳፌን ሳሙት፤ አንዱን፣ ከዚያም ሌላውን። «እኔ ያልኖርኩበትን የኖርክለት፣» አሉ፣ «ይህ እጅ ይባረክ።»

ከዚያ በየዓመቱ በጽጌ ይጠሩኝ ነበር። ድንችና ጎመን ሠርተው፣ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን አብረን ጠብቀን፣ መጀመሪያ ለእኔ ያጎርሱኛል። በየዓመቱ ዘንድሮ እነግራቸዋለሁ ብዬ እሄዳለሁ። በየዓመቱ ጎርሼ እመለሳለሁ። ባለፈው ዓመት ዐረፉ፤ የተዝካራቸውን ወጥ የሠራሁት እኔ ነኝ።

ከባለሾላው አሥራ ስድስት ሰው አውርደን ቀበርን። አምስቱን የገደለው በምሽግ ውስጥ የነበረው ውጊያ ነው። አሥራ አንዱ በማድ ቤቴ ደጅ፣ ሳህን ይዘው የወደቁ ናቸው፤ ከይርዳው በቀር፤ እሱ የያዘው አፈር ነበር። የጦርነቱን ሙታን የሚቆጥር አይጠፋም። እነዚያን አሥራ አንዱን የምቆጥረው እኔ ነኝ። ጥቅምት ሲገባ ቤተሰቡ «በጥቅምት አንድ አጥንት» ብሎ ሥጋ ሲገዛ እሠራላቸዋለሁ፤ እጄ አልረሳም፣ ድንቹም እንደ ድሮው ግማሹ ይፈርሳል። ሲቀርብ ግን አልበላም። ጽጌ ነው እላቸዋለሁ።